ነጭ ጋዝ የማያወጣው ጨው

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ፣ ጠመንጃ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የአያት ውጅግራ፣ የአባት ምንሽር፣ አርበኛው በላይ ዘለቀ በቢቸና አካባቢ ጣልያንን ሲዋጋ ከጠላት የተማረከ ካርካኖ፣ ሁሉም የቤተሰብ ታሪክ ናቸው። ታዲያ እንዲህ ያለ ቅርስ በጠላት እጅ ሳይገባ፣ ሳይሸጥ፣ ሳይሰበር ኖሮ በማጽጃ ስህተት ውስጡ ተበልቶ ሲገኝ ያሳዝናል። ስህተቱም ከስንፍና የመጣ አይደለም። ባለቤቱ አጽድቶታል፣ ግን በተሳሳተ ነገር።

ከሁሉም የሰፋው እምነት “ከተተኮሰ በኋላ በነጭ ጋዝ ጥረገው፣ ዘይት ቀባው፣ በቃ” የሚለው ነው። ነጭ ጋዝ ጥላሸትና የረጋ ቅባት ማላቀቁ እውነት ነው። አፈሙዙን የሚበላው ግን ጥላሸቱ አይደለም። በቆዩ ጥይቶች ቀለህ ቂጥ ላይ ያለችው መቀጣጠያ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባት። ስትነድ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ትታ ትሄዳለች፤ ከገበታ ጨው ብዙም የማይርቅ ነው። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የአየሩ እርጥበት 84 በመቶ ገደማ ሲደርስም ራሱ ውሃ ሆኖ ይቀልጣል። የክረምት ሌሊት በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ምን ያህል እርጥብ እንደሆነ ለአገሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ የሞተር ዘይት፣ አንዳቸውም ጨው አያሟሙም። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ አፈሙዙ ያበራል፣ ጨው ግን ከብረቱ ጋር እንደተጣበቀ ይቀራል። በላዩ ዘይት ሲቀባበት ደግሞ ከዘይቱ ሥር ሆኖ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል።

ይህ ነገር ከእኛ ገበሬ ይልቅ ብዙ ላቦራቶሪ የነበራቸውን ሠራዊቶችም አታልሏል። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ ጭስ አልባው ባሩድ በሚተወው አሲድ ይመካኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ያሳተመው ጥናት ግን ዘይት ተቀብቶ የተቀመጠ አፈሙዝ የሚዝገው በዚሁ የመቀጣጠያ ጨው መሆኑን አሳየ።

ጨውን የሚያወጣው ውሃ ነው። እዚህ ላይ ሌላው ጠንካራ እምነት ይነሣል፦ “ብረት ውስጥ ውሃ አይግባ።” ስጋቱ ይገባኛል፤ ውሃ ገብቶ ከተረሳ ያዝጋል። በእንግሊዝ ጦር ግን ለሊ-ኤንፊልድ ጠመንጃው የታዘዘው የፈላ ውሃ ነበር፤ በአፈሙዙ ውስጥ በፈነል የሚወርድ። ትኩስ ውሃ ጨውን ይዞ ይወጣል፣ ብረቱን ስለሚያግልም እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ሞጣም ቢቸናም ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በጥቁር ባሩድ ለሚተኩሰው ውጅግራማ ውሃ የግድ ነው፤ የዚህ ባሩድ ዝቃጭ አብዛኛው በውሃ እንጂ በነጭ ጋዝ አይሟሟም። ዛሬ የሚመረት ብዙ ጥይት ይህ ጨው የለበትም፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥይት ሲሆን ግን ጨው አለበት ብሎ ማጠብ የሚያስወጣው አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ብቻ ነው።

“ክላሽ አይዝግም” የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የአፈሙዙ ውስጥ ክሮም ስለተለበጠ ይቋቋማል፤ የባሩዱ ጋዝ የሚመታው ፒስተንና የሚመላለስበት ቱቦ ግን ያንኑ ጨው ይቀበላሉ፣ መታጠብም አለባቸው።

ስለ ቅባቱ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ቅቤም ሲቆይ አሲድ ያወጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የብረት ብናኝና አሲድ የተሸከመ ከመሆኑም በላይ ለቆዳ ጎጂ ነው። ንጹሕ ቀጭን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ከሁሉም ይሻላል። ቤንዚን ቶሎ ያነጣል፤ ተኑ ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ እሳት ይይዛል፣ ምድጃ ባለበት ቤት ማሰቡም አያስፈልግም።

አረንጓዴ እድፍ ሲታይ በረኪና የሚያፈስሱ አሉ። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። እድፉ የጥይቱ መዳብ ነው፤ መዳብን የሚያሟሟው አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሲሆን እሱም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቆይቶ ይታጠባል። በረኪና ብረቱን ይበላል፤ ከአሞኒያ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

ሥራው ሲጀመር ካዝናው ይወጣል፣ ጥይት አለመቅረቱ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፣ መዝጊያው ይነቀላል። ትኩሱ ውሃ ከኋላ ይፈስሳል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ዘቅዝቆ፣ እንጨቱን ሳይነካ። ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ እየተለዋወጠ እርጥበቱ እስኪጠፋ ይገባል፤ ጥላሸት ከቀረ ነጭ ጋዝ ተራው አሁን ነው። መጨረሻ ላይ ስስ ዘይት ይቀባል፤ ከሚቀጥለው ተኩስ በፊት ግን ይወለወላል፣ አፈሙዝ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ግፊት ይጨምራልና። በማግስቱ ንጹሕ ጨርቅ አሳልፎ ማየት ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ጨው ቀርቷል፣ ውሃው ይደገማል።