የልብስ ማስጫ ገመድ በጓሮአችን

በነቀምቴም ሆነ በሌሎች የወለጋ ከተሞች ረፋድ ላይ በየሰፈሩ ስናልፍ የታጠበ ልብስ በአጥር፣ በቁጥቋጦ፣ አንዳንዴም በሣር ላይ ተሰጥቶ እናያለን። እናት ጎንበስ ብላ ስታጥበው ያረፈደችውን ልብስ እሾህ ይቀደዋል፣ ዶሮ ይረግጠዋል፤ ለሶላት የታጠበውም ተቆሽሾ ወደ ሳፋ ይመለሳል። ነገሩ ግን በድካም ብቻ አያበቃም፤ የሕፃናትንም ጤና ይነካል።

በአፍሪካ ሞቃትና እርጥበታማ ስፍራዎች «የማንጎ ዝንብ» የሚባል ዝንብ አለ። በአገራችንም ሐኪሞች ያደረሰውን ጉዳት በሕመምተኞች ላይ አይተዋል። እንስቷ ጥላ ባለበት ቦታ፣ ሽንት ወይም ላብ በነካው አፈርና በእርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ይፈለፈልና ትሉ በለባሹ ቆዳ ውስጥ ይገባል። እብጠቱ ብጉንጅ ይመስላል፤ መሐሉ ላይ ግን ትሉ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አለው። ይህን ያየ ወላጅ በጉልበት ከመጭመቅ ይልቅ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰድ። መከላከያው ቀላል ነው፦ የሽንት ጨርቅን መሬት ላይ አለማስጣት፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያም በጋለ ካውያ ፊቱንም ጀርባውንም መተኮስ።

ገመዱን እንዴት እንትከል?

በመጀመሪያ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኝ፣ ከማድቤት ጭስ የራቀ፣ ጠብታውም ወደ ጎረቤት ግቢ የማይወርድበት ቦታ እንምረጥ። 2 ሜትር ከ60 የሚሆኑ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚዎችን ከ4 እስከ 5 ሜትር አራርቀን፣ 60 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ ውስጥ አቁመን ዙሪያቸውን በድንጋይ እንጠቅጥቅ። በነጆ፣ በጃርሶና በመንዲ አካባቢ ያለው ምስጥ እንጨት እንደማይምር ነዋሪው ያውቀዋል፤ እዚያ የብረት ቋሚ ይሻላል።

ባዶ ሽቦ ሲዝግ ልብስ ያበላሻል፤ ስለዚህ የናይለን ገመድ ወይም ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ እንጠቀም። ገመዱ ልብስ ከብዶት ሲረግብ መሐሉን በባላ መደገፍ ነው። ከሰው ራስ ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ያለ ገመድ የሚሮጥ ልጅ አንገት ላይ አደጋ ያደርሳል።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ገመዱን ከመብራት ምሰሶ ጋር፣ ሽቦ ከሆነም ከቆርቆሮ ጣሪያ ጋር ማሰር አይገባም። የተላጠ የመብራት መስመር ቆርቆሮውን ከነካ ኤሌክትሪኩ በሽቦው አልፎ እርጥብ ልብስ የያዘውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ክረምት ሲገባስ? ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከግንቦት እስከ መስከረም ይጥላል። ለእነዚህ ወራት በበረንዳው ስር አጭር ገመድ መወጠር ይጠቅማል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ልብስ ማድረቅ ግን የከሰሉ ጋዝ ቤተሰቡን በእንቅልፍ ላይ ሊገድል ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር።

ወጣቶች ሆይ! ጉድጓዱን መቆፈርና ቋሚውን ማቆም የእናንተ ድርሻ ይሁን። ሥራው ከግማሽ ቀን አያልፍም፤ ለእናቶቻችሁና ለእህቶቻችሁ ግን የብዙ ዓመት እረፍት ነው። የእናንተን ከጨረሳችሁ በኋላም ኢንሻ አላህ አቅም ላነሳቸው ጎረቤቶቻችሁ አንድ ገመድ ወጥሩላቸው።