የእሽቅድምድም መኪና ኩርባ ላይ መሬት እንዲይዝ

በግቢያችን ስለ እሽቅድምድም መኪና ወሬ በተነሣ ቍጥር ክርክሩ የሚያልቀው በሞተሩ ጉልበት ነው። ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፥ በሰዓት ይህን ያህል ኪሎሜትር ይሮጣል ይባላል። ዳሩ ግን ቀጥ ባለ መንገድ መሮጥ ብዙ አያስቸግርም፤ ፈተናው ኩርባው ሲመጣ ነው። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ መኪናው አልታዘዝም ብሎ ወደ ፊት ከቀጠለ፥ ያ ሁሉ ጉልበት ነጂውን ከግንብ ጋር ከማጋጨት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ስለዚህ ምንም እንኳ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆን፥ የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችንን ይቅርታ ጠይቀን፥ ነገሩን በተራ ቋንቋ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የመኪናውን ጠባይ በስሙ እንለይ። ፊቱ ቀድሞ ሲንሸራተት፥ መኪናው መሪው ከታዘዘው ያነሰ ይታጠፋል፤ ይህ አንደርስቲር ይባላል። ኋላው ቀድሞ ሲንሸራተት ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ይታጠፋል፤ ይህም ኦቨርስቲር ነው። ይህን ጠባይ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ጠልቀው ካጠኑት ዋነኛው፥ ቀድሞ የሮልስ ሮይስ ሠራተኛ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻቸው የሚነሡና የሚወርዱበት የካዲላክ እግር በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣውም በዚሁ ጥናት ዘመን ነው። የፊት እግር ስንል ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዙትን ክንዶች፥ ሞላውን፥ አሞርዛተሩንና ግራ ቀኙን የሚያገናኘውን ስታቢላይዘር በአንድነት ማለታችን ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር ጎማው ነው። ጎማ ክብደት ሲጨመርበት አጥብቆ መሬት ይይዛል፤ ነገር ግን ክብደቱ እጥፍ ሲሆን አያያዙ እጥፍ አይሆንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለምን? ሁለት ጎማዎች ሸክሙን እኩል ሲካፈሉት የሚይዙት፥ አብዛኛው በአንዱ ላይ ሲወድቅ ከሚይዙት ይበልጣል።

ይህን በቍጥር እንየው። 600 ኪሎ የሚመዝን፥ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ፥ በግራና በቀኝ ጎማው መካከል 150 ሳንቲሜትር ያለው መኪና እንውሰድ። ኩርባው ላይ ወደ ጎን የሚገፋው ኀይል ከክብደቱ ጋር እኩል ቢሆን፥ 600 በ30 ተባዝቶ ለ150 ሲካፈል፥ 120 ኪሎ ከውስጠኞቹ ጎማዎች ተነሥቶ በውጭኞቹ ላይ ይጫናል። ሞላ በማጠንከርም ሆነ በማላላት ይህን 120 ኪሎ ለመቀነስ ማሰብ ከንቱ ነው። የሚቻለው ፊትና ኋላ እንዴት እንደሚካፈሉት መወሰን ነው። ፊቱ 70፥ ኋላው 50 የደረሰው መኪና አንደርስቲር ካስቸገረው፥ የፊቱን ስታቢላይዘር ቀጠን ባለ መለወጥ ድርሻውን ወደ 60 ለ60 ሊያቀርበው ይችላል። ያን ጊዜ የፊት ጎማዎች ሥራቸው ይቀልላቸውና መሪውን ይታዘዛሉ። ልብ እንበል፤ ከፊቱ የተነሣው 10 ኪሎ አልጠፋም፥ ኋላው ተሸክሞታል። ካበዛነው ኋላው ይከዳና መኪናው ይሽከረከራል።

ሁለተኛው ነገር ካምበር ነው። መኪናው ኩርባ ላይ ሲያጋድል ውጭኛው ጎማ አናቱ ወደ ውጭ ያዘነብልና በጠርዙ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሳለ የጎማው አናት በጥቂት ዲግሪ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ ይህ ኔጋቲቭ ካምበር ነው። ሲበዛ ግን ቀጥ ባለው መንገድ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ሙሉ ፊቱን መሬት ላይ አያሳርፍም። ስታቢላይዘሩ ሲላላ ማጋደሉ ስለሚጨምር ካምበሩንም እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ልኩን የሚናገረው ጎማው ራሱ ነው። መኪናው ከሩጫ እንደ ገባ ሙቀቱ በውስጥ ጠርዝ፥ በመካከልና በውጭ ጠርዝ ይለካል። የውጩ ጠርዝ ከሁሉ ይልቅ ከጋለ ኔጋቲቭ ካምበሩ አንሷል፤ መካከሉ ከሁለቱ ጠርዞች በላይ ከጋለ ደግሞ ነፋሱ በዝቷል።

አሞርዛተሩስ? እርሱ የሚወስነው ሸክሙ በምን ፍጥነት እንደሚዛወር እንጂ መጠኑን አይደለም። ስለዚህ ችግሩ ወደ ኩርባው ሲገባ ወይም ሲወጣ ብቻ ከታየ ወደ አሞርዛተሩ እንሂድ፤ በኩርባው መካከል ከዘለቀ ግን ወደ ስታቢላይዘሩ፥ ወደ ሞላውና ወደ ካምበሩ እንመለስ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ትዕግሥት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ በዚያው ነጂ፥ በዚያው መንገድ፥ በተመሳሳይ ጎማና ቤንዚን ይሞከር፤ ውጤቱም በደብተር ይጻፍ። ሦስት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው መኪናው ቢሻሻል እንኳ የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም፤ ሲበላሽበትም የሚመለስበት የለውም። በሌላ ሰው ሕይወት ላይ በግምት መፍረድ ደግሞ ለማንም አልተፈቀደም።