ከገረሴ ቁልቁል የሚለሰልስ ፍሬን

ከገረሴ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ያረጀ ላንድክሩዘር ቆላው ሲቃረብ ፍሬኑ ሊለሰልስ ይችላል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን እንደ ልማዱ አይያዝም። በማግስቱ ጋራዥ ሲገባ ፔዳሉ ጠንክሮ ይገኛል። መካኒኩ ሜዳ ላይ ይሞክረውና «ደህና ነው» ይላል፤ መኪናውም ተመልሶ ደጋ ይወጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ምርመራ ነው። በሙቀት የሚመጣ ብልሽት በብርድ ቢፈለግ አይገኝም።

ፍሬን የሚይዘው ፈሳሽ በቀላሉ ስለማይጨመቅ ነው። ፔዳሉ በሚገፋው ማስተር ላይ ያረፈው ግፊት በዘይቱ አልፎ እኩል ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል፤ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስረዳው ሕግ ነው። ጋዝ ግን ይጨመቃል። መስመሩ ውስጥ አየር ወይም እንፋሎት ካለ፣ የእግራችን ጉልበት ሸራውን ሳይገፋ ጋዙን ሲጨምቅ ያልቃል።

እንፋሎቱ የሚመጣው ከራሱ ከፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት ዘይቶች ከአየር እርጥበት ይስባሉ፤ በጎማ ቱቦው ውስጥም ሳይቀር ቀስ እያለ ይገባል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው።

ቁልቁለቱስ ምን ያህል ያሞቃል? 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ወደ 24 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። ይህ 70 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አርባ ምንጭ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ እንደ ገረሴ ካለ የጋሞ ደጋ የሚነሳ ሁሉ ብዙ ይወርዳል። በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር የሙቀቱን ብዙ ድርሻ ለሞተሩ ያሸክማል። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ፍሬኑ ላይ ይጥላል።

ስለዚህ መካኒክ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «መቼ ነው የለሰለሰው?» ብሎ ነው። ከረጅም ቁልቁለት በኋላ ለስልሶ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያረጀ ዘይት ነው። የጋለ ታምቡርም ስለሚሰፋ ፔዳሉን ያወርዳል። ጠዋትም ማታም ከለሰለሰ አየር ገብቷል። ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ ከአየሩ ሌላ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ መራቁም ይታይ። እግር ተጭኖ እንደቆየ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሄደና በውጭ የሚያፈስ ነገር ከሌለ፣ የማስተሩ ጎሚኒ አልቋል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ግን ጉዳዩ የሰርቮ (የፍሬን አጋዡ) ወይም የጋለ ሸራ ነው፤ አየር ማስወጣት አይፈውሰውም።

አንድ ስህተት በተለይ ይከልከል፦ ዘይቱ ጎደለ ብሎ የሞተር ዘይት መጨመር። ጎሚኒዎቹን ያሳብጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ በሙሉ መታጠብ፣ ጎማ ነክ ዕቃውም መቀየር አለበት። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፤ ከከረመ ክፍት ጠርሙስም አይጨመር።

ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ከሰመጠ ቶሎ ቶሎ መርገጥ፣ ማርሹን ደረጃ በደረጃ ማክበድ፣ ከዚያም የእጅ ፍሬኑን በጥቂት በጥቂቱ መሳብ ነው። የላንድክሩዘሩ የእጅ ፍሬን የሚሠራው በሽቦ ስለሆነ የፈላው ዘይት አይነካውም፤ በአንዴ ከተሳበ ግን ጎማ ይቆልፋል። መኪናው ከቆመ በኋላ የጋለው ታምቡር ላይ ውሃ አይፈስም፤ ሊሰነጠቅ ይችላል። በራሱ እስኪበርድ ይጠበቃል።