የድመቷ ፀጉር በቀለ ማለት ዳነች ማለት አይደለም

እህቴ፣ የምትሠሪበት ቤት ድመት ካለ ይህን አንብቢው። እኛ ቤት አንዲት ሺራዚ ድመት አለች። ባለፈው ዓመት ጆሮዋ ሥር ፀጉሯ ክብ ሆኖ ረገፈ። ትንሽ ቆይቶ እኔም ክንዴ ላይ ጠርዙ የቀላ ክብ ነገር ወጣብኝ። ማዳም ስታየው "ከአገርሽ ይዘሽው መጥተሽ ነው" አለችኝ። እኔ ግን ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነበር። ነገሩ የታወቀው የእንስሳት ሐኪም ድመቷን ሲመረምራት ነው።

በሽታው እኛ ጭርት የምንለው ነው፤ ራስ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቆረቆር እንለዋለን። እዚህ "ፉጥሪያት" ይሉታል፣ ፈንገስ ማለት ነው። ድመቷን በመንካት ብቻ ሳይሆን ከረገፈው ፀጉሯ፣ ከሶፋና ከምንጣፍም ይይዛል። ቤት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከስድስት ሳምንት በላይ ይወስዳል። የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ በሳምንት ሁለቴ በመድኃኒት ማጠብ አለ፣ ቤት ማጽዳት አለ። ታዲያ ባለቤቶቹ ለምን መሃል ላይ ያቆማሉ?

አንደኛ፣ ድመቷ የዳነች ትመስላለች። ፀጉሯ ቶሎ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፣ ፈንገሱ ግን ገና አለ። ረጅም ፀጉር ያላቸው ድመቶች ምንም ሳይታይባቸውም ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ዳነች የሚባለው ሐኪሙ ፀጉሯን መርምሮ ነፃ ናት ሲል ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ነው። ደህና የመሰለች ድመትን እንደገና ማስመርመር ብር መጣል ይመስላቸዋል።

ሦስተኛ፣ ሥራው አሰልቺ ነው። አንዳንዱ መታጠቢያ የገማ እንቁላል ይሸታል። ድመቷ ትቧጭራለች፣ ክኒኑን ትተፋለች። ለብቻዋ ሲዘጋባት ትጮኻለች፣ ልጆቹም ያለቅሳሉ፤ ማዳም አንጀቷ አይችልም፣ በሩን ትከፍታለች።

አራተኛውን በራሳችን እንናገር። ማጠቡም መጥረጉም የኛ ነው። ማዳም በሦስተኛው ሳምንት "ኸላስ" ስትለኝ እኔም እፎይ አልኩ። በወሩ ጭርቱ አንገቴ ላይ ተመለሰ፣ ትንሿ ልጅም ራሷ ላይ ወጣባት። ሁሉንም ከአንድ ጀመርን።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ፦

አቁሚ ስትባዪ "ዶክቶር ቃል ኸላስ?" ብለሽ ጠይቂ። ከራስሽ ይልቅ ስለ ልጆቿ ንገሪያት፣ ቶሎ ትሰማሻለች። ድመቷም አንቺም ላይ የወጣውን ፎቶ አንሺ፤ ኋላ አንቺ ነሽ ያመጣሽው እንዳትባዪ።

ድመቷን ስትነኪ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ፀጉሩን በየቀኑ በመክነሳ ሰብስቢ፣ ከዚያ ወለሉን በሳሙና እጠቢ። ክሎር ከተጠቀምሽ መስኮት ክፈቺ፤ ከሽንት ቤት ማጽጃ ወይም ከአሞኒያ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪው፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ለራስሽ የፈንገስ ክሬም ከፋርማሲ ጠይቂ፤ ቅላቱ ቢጠፋም እስከተባልሽው ቀን ድረስ ተቀቢ። ኮርቲዞን ያለበት ቅባት ከጓደኛ አትዋሺ፤ ማሳከኩን ያስታግስና ጭርቱን ያሰፋዋል። ራስ ላይ ከወጣ ክሬም አይበቃም፣ ሐኪም የሚዋጥ ያዛል።

ጭርት ንጹሕ ሰውንም ይይዛል፣ አትፈሪበት። ደብቀሽ ከምትሰቃዪ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።