ሠርግ ቀጠሮ አለው፣ ለቅሶ የለውም

ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ነው። የዕቃ ቤቴ ቁልፍ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዕቃ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ስድስቱም ድንኳን ወጥቷል። አራት መቶው ወንበር ወጥቷል። ትልልቁ ድስትም አንድ ሳይቀር ሄዷል። በማግስቱ እሑድ ነው፤ ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል። እንዲህ ያለው እሑድ ለእኛ ለሠርግ ዕቃ አከራዮች የዓመት እንጀራችን ነው። ብሩን ቆጥሬ፣ ደስ ብሎኝ፣ ልተኛ ስል በሩ ተንኳኳ።

ሁለት ጎልማሶች ናቸው። «እማማ፣ አባታችን ዐረፉ። ድንኳን ፈልገን ነበር» አሉኝ። የሰፈሩ እድር አንድ ድንኳን ቢኖረውም በዚያው ሳምንት ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሎ ነበር። መልስ አጣሁ።

ባለቤቴ መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያጸኑት አንድ ሕግ ነበር፤ ከስድስቱ ድንኳን አንዱ ለሠርግ አይወጣም። «ሠርግ ቀጠሮ አለው፣ ለቅሶ የለውም» ይሉ ነበር። እኔ በዚያ ሳምንት ሕጉን ሻርኩት። ስድስተኛውን ድንኳን ለአንድ የሙሽራ አባት እንደ ሁለተኛ አድርጌ አከራየሁት። ስለዚያ ሌሊት መጨረሻ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን መሪጌታ ትተውልኝ ስለሄዱት ደብተር ላጫውታችሁ። ልጅ ለምትድሩ፣ የልጅ ልጅ ክርስትና ለምታስነሡ ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው።

የመሪጌታ ደብተር

መሪጌታ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሰው ነበሩ። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ በየአገሩ የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሁሉ መምህር ለመሆን ሲሻ ወደ እርሷ ዘልቆ ያስመሰክራል። እሳቸውም ተመስክረው ወጥተው ንፋስ መውጫ ላይ እያገለገሉ፣ ለኑሮ መደጎሚያ ብለው አንድ ድንኳንና ሃምሳ ወንበር ገዙ። ሥራው የተጀመረው እንዲህ ነው።

የኪራይ ሥራ ከሱቅ ይለያል። ባለሱቅ የሸጠውን ዕቃ መልሶ አያየውም። የኪራይ ዕቃ ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ይጠገናል፣ ደግሞ ይሄዳል። ዕቃው ከሚፈለገው ከበዛ ገንዘባችሁ ዕቃ ቤት ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ካነሰ ደግሞ ቃል የተገባለት ቤተሰብ በሠርጉ ቀን በእንግዳ ፊት ያፍራል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሰው ምን እንደሚፈልግና መቼ እንደሚፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ነው። አለበለዚያ ተረቱ እንደሚለው «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆናል።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ሁልጊዜ ባሕረ ሐሳብ ነበር። በጾም ሠርግ የለም፤ ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለው ጊዜ ደግሞ ዋናው የሠርግ ወቅት ነው። ይህ ጊዜ በየዓመቱ ይረዝማል፣ ያጥራል። ዐቢይ ጾም ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። ስለዚህ የሠርጉ ወቅት ሲያጥር 19 ቀን፣ ሲረዝም 53 ቀን ነው።

ለሚመጣው 2019 ዓ.ም. ስሌቱን እንደ መሪጌታ ላሳያችሁ። 5500ን ከ2019 ጋር ስንደምር 7519 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 14 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 13 ወንበር ይባላል። 13 በ19 ሲባዛ 247 ነው፤ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 7 መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 7 ቀን 2019 ቅዳሜ ነው፤ የቅዳሜ ተውሳክ ደግሞ 8። 7ና 8 ሲደመር 15። እንግዲህ ጾመ ነነዌ የካቲት 15 ይገባል፤ ከዚያ በ14 ቀኑ፣ የካቲት 29፣ ዐቢይ ጾም ይጀምራል።

መሪጌታ እዚህ ላይ አያቆሙም፤ እሑዶቹን ይቆጥራሉ። ብዙ ሰው የሚድረው በእሑድ ነውና። እኔም እሳቸው ካረፉ በኋላ እንደ ደብተሩ ቆጠርሁ። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባው መጋቢት 2 ስለ ነበር ከጥምቀት በኋላ 8 እሑድ ነበረን። በ2017 የካቲት 17 ገባ፤ 5 እሑድ። በ2018 የካቲት 9 ገባ፤ 4 እሑድ ብቻ። ለ2019 ደግሞ 7 እሑድ አለ።

አሁን አስቡት። ስድስት ድንኳን በ8 እሑድ 48 ጊዜ ይወጣል። በ4 እሑድ 24 ጊዜ ብቻ። የሚዳረው ልጅ ግን እሑድ አነሰ ብሎ በግማሽ አይቀንስም። ከፊሉ ከፋሲካ በኋላ ወደ ግንቦት ይሻገራል፤ የቀረው በአራቱ እሑድ ላይ ይታጨቃል። እኔን የጣለኝም ይኸው መታጨቅ ነው፤ ፈላጊው ሲበዛ ዓይኔ ስድስተኛው ድንኳን ላይ ዐረፈ።

የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሠርግም የራሱ ቀመር አለው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደፊት እየቀደመ ይመጣል። በ2019 በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ይገባል ተብሎ ስለሚጠበቅ ከጾሙ በፊት መዳር የሚፈልጉት ጥር ላይ ከእኛ ጋር ይገጣጠማሉ። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።

አርባ፣ ሰማንያ

ሁለተኛው ገጽ የሰፈሩ ልደትና ሞት ነው። ወንድ ልጅ ሲወለድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ ስትወለድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አለ። ሰው ሲሞት በአርባ ቀኑ ተዝካር አለ፤ ዓመት ሲሞላ ሙት ዓመት። መሪጌታ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ከአራስ ቤት ሲመለሱ በዚያው ቀኑን ቆጥረው ይጽፋሉ። «ለክርስትና ድንኳን አይጠይቁንም፤ ሁለት ድስትና ሃምሳ ወንበር ይጠይቁናል» ይሉ ነበር። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው።

ሦስተኛው ገጽ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ርዕሱ «የጠየቁትና ያጡት» ይላል። የተከራየውን ዕቃ መጻፍ ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ያስታውሳችኋል። ጠይቆ አጥቶ የሄደውን ሰው ግን ካልጻፋችሁት ተረስቶ ይቀራል። አንድ ዓመት ወርቃማ የወንበር ልብስ በጣም ተወዶ ስለ ነበር መቶ አሰፋሁ። በዓመቱ ሙሽሮቹ ሁሉ ነጭ አሉ፤ ወርቃማው እስከ ዛሬ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ በተወደደበት ዓመት መጨረሻ ላይ እንኳ አምስት ሰው ነጭ ጠይቆ አጥቶ ሄዶ ነበር። የሚመጣውን የነገሩኝ የተከራዩት ሳይሆኑ ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ፋሽን የሚከተል ዕቃ ከመግዛቴ በፊት አንድ ነገር አሰላለሁ፤ ዋጋውን ለመመለስ ስንት ጊዜ መከራየት አለበት? በአንድ የሠርግ ወቅት የማይመልስ ከሆነ አልገዛውም። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፤ የሚለወጠው ልብሱ ነው።

ለዕቃው ማረፊያ ቀንም ያስፈልጋል። ከተማችን ስሟ ንፋስ መውጫ ነው፤ ነፋሱ ካስማ ይነቅላል፣ ሸራ ይቀድዳል። የጉና ብርድ የታጠበ ድንኳን ቶሎ አያደርቅም። እሑድ የተመለሰ ድንኳን ሰኞ ዝግጁ ነው ብሎ የሚያስብ አከራይ እርጥብ ሸራ አጣጥፎ ያሻግታል። እኔ ሁለት ቀን እቆጥራለሁ።

ከባሕር ማዶ

ኮምፒዩተር የሚማረው የልጅ ልጄ ይህን ደብተር አይቶ ሳቀና የኔትፍሊክስን ነገር አጫወተኝ። ዛሬ ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየው ይህ የአሜሪካ ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ሲመሠረት ሥራው ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ነበር። አዲስ ፊልም ሲወጣ ሁሉም ያንኑ ይፈልጋል፤ ለዚያ ብሎ ብዙ ቅጂ ቢገዛ ኋላ ፈላጊ የለውም። ስለዚህ ደንበኛው የወደደውን እየመዘገበ ሌላም የሚወደውን ፊልም ይጠቁመው ነበር፤ ሰው ሁሉ አንድ ፊልም ላይ እንዳይጋፋ። በ2006 ይህን ግምት በ10 በመቶ ለሚያሻሽል 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቀረበ፤ ሽልማቱም በ2009 ተሰጠ።

«አየሽ እማማ፣ መሪጌታ ያለ ኮምፒዩተር ሠርተውታል» አለኝ። ሚሊዮኑ ባይደርሰንም ነገሩ እውነት ነው። እኔም ትልቁ ድንኳን ተይዞ ሲመጡብኝ «የለም» ብዬ አልመልስም። እንግዳችሁ ስንት ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት መካከለኛ ድንኳን ይበቃቸዋል፤ እነሱም አላሰቡትም ነበር።

ለምትድሩ ወላጆች

ከልምዴ ጥቂት ልንገራችሁ። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የዓመቱን እሑዶች ቁጠሩ፤ አጭር ዓመት ከሆነ ዕቃውን ቀድማችሁ ያዙ ወይም ከፋሲካ በኋላ አድርጉት። ዕቃ ለማዘዝ እናትም ልጅም አብራችሁ ኑ፤ እናት ብቻዋን ስትመጣ የራሷን ሠርግ ነው የምታዝዘው። የእንግዳውን ቁጥር አታሳንሱ፤ አከራዩ የሚያዘጋጀው በነገራችሁት ልክ ነው። ስትረከቡ ቆጥራችሁ ተረከቡ፤ ስትመልሱም አስቆጥራችሁ መልሱ፤ የመያዣ ጭቅጭቅ የሚመጣው ካልተቆጠረ ብርጭቆ ነው። በተባለው ቀን መልሱ፤ እናንተ ያዘገያችሁትን የሚጠብቅ ሌላ ቤተሰብ አለ።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር ወደ ሙሽራዋ አባት ቤት ሄድን። ድንኳኖቹ ተተክለዋል፤ ሴቶቹ በሁለተኛው ውስጥ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። ሰውየው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ጎረቤት ሜዳ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ እኔ በሁለት ድንኳን እድራለሁ? ንቀሉት» አሉ። ወጥ ሠሪዎቹ በባሕር ዛፍ አጠናና በሸራ በተሠራች ዳስ ሥር አደሩ። የድንኳኑን ኪራይ መለስሁላቸው፤ ተቀበሉኝ። መቀበላቸው ትክክል ነበር፤ ጥፋት ነውና።

ለ2019 ሰባት እሑድ አለን፤ እስካሁን የያዝሁት ሁሉ በአምስት ድንኳን ታስቦ ነው። የስድስተኛውን ሣጥን ቁልፍ ለልጄ ሚስት ሰጥቻታለሁ። «ሠርግ ነው ብዬ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» ብያታለሁ። ሳቀች፤ ቁልፉን ግን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።