በባሕር ደለል ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከየት እንደ መጣ ስለ መመርመር

እርሳስ ከጥንት ጀምሮ ለቧንቧ፣ ለቀለምና ለጥይት ሲያገለግል የኖረ ማዕድን ነው። ነገር ግን ወደ ሰውነት በገባ ጊዜ ደምንና ነርቭን ይጐዳል፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ያደክማል። እንደ እንጨትም በስብሶ አይጠፋም፤ ስለዚህ ጐርፍና ነፋስ ወደ ባሕር ካወረዱት ብዙው ከደለል ጋራ በታች ተቀምጦ ይኖራል።

በባሕር ዳርቻ እርሳስ በዝቶ በተገኘ ጊዜ፣ ከመኪና ጢስ ነውን? ከማዕድን ማቅለጫ ነውን? ወይስ ከተራራው ድንጋይ ታጥቦ የመጣ ነው? የሚል ክርክር ይነሣል። እርሳስ በተፈጥሮም በድንጋይና በአፈር ውስጥ ስለሚገኝ፣ መጠኑን ብቻ አይቶ መፍረድ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ያለ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃሉ።

አንደኛው ምስክር ዘመን ነው። ደለል አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ስለሚሄድ፣ ረዥም ቧንቧ ሰድደው ንብርብሩ ሳይናወጥ ያወጡታል፤ ላይኛው አዲስ፣ ታችኛው አሮጌ ነው። ዕድሜውንም የሚለኩት ቍጥር 210 በሚባለው የእርሳስ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት ከአየር እየወረደ በደለሉ ላይ ያርፋል፤ በየ22 ዓመቱም ያህል ግማሹ ይጠፋል። የቀረውን በመለካት ንብርብሩ መቼ እንደ ተቀመጠ ይታወቃል።

ሁለተኛው ምስክር የትውልድ ምልክት ነው። እርሳስ ክብደታቸው 204፣ 206፣ 207 እና 208 የሆኑ አራት ጸንተው የሚኖሩ ዓይነቶች አሉት። ከነዚህ 206 እና 207 ከዩራኒየም፣ 208 ከቶሪየም በብዙ ዘመን እየተወለዱ ይጨመራሉ፤ 204 ግን አይጨመርም። ስለዚህ የዓይነቶቹ ድርሻ ማዕድኑ እንደ ወጣበት ስፍራ ይለያያል፤ እርሳሱ ቢቀልጥም ቢቃጠልም ምልክቱ አብሮት ይኖራል። ለምሳሌ በአውስትራሊያ ከብሮክን ሂል የተቈፈረው የ206 መጠን በ207 ሲካፈል 1.04 ያህል ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚዙሪው 1.3 ያህል ነው።

በዚህ መንገድ ጻይህዋ ቻውና ባልደረቦቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዳርቻ፣ በሳን ፔድሮ፣ በሳንታ ሞኒካና በሳንታ ባርባራ ያለውን ደለል መርምረው በ1973 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ውጤቱን አሳተሙ። የእርሳሱ መብዛት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ተገለጠ፤ የላይኛውም ንብርብር ምልክት ከጥንተኛው ተለይቶ በዚያ አገር መኪናዎች ከሚያቃጥሉት ቤንዚን ጋራ ተቀራረበ። ሁለቱ ምስክሮች ስለ ተስማሙ በዳዩ ታወቀ። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን መሸጥ የጀመረው በ1923 ሲሆን፣ ለመንገድ መኪና መሸጡ ከዓለም የቀረው በ2021 አልጄሪያ ካቆመች በኋላ ነው።

ሆኖም ሁለት ፋብሪካዎች ከአንድ ጉድጓድ የወጣ እርሳስ ቢጠቀሙ ምልክቱ ብቻውን አይለያቸውም። ያን ጊዜ የዘመኑንና የቦታውን ማስረጃ መጨመር ያስፈልጋል።

ለአገር ገዥና ለባለርስት የሚጠቅመውም ትምህርት ይህ ነው። ውሃ ወይም መሬት ተበላሸ የሚል አቤቱታ ሲቀርብ፣ በአቅራቢያው ያለውን ሰው ከመክሰስ አስቀድሞ ከላይኛውም ከጥልቁም አፈር ይወሰድ፤ ከተጠረጠረውም ነገር ጥቂት ተወስዶ ለየብቻው ይታሸግ፤ ቦታውና ቀኑም ተጽፎበት ለምርመራ ይላክ። እንዲህ ከሆነ ንጹሑ ያለ በደሉ አይቀጣም፤ በዳዩም በሌላ ሰው ስም ተሸፍኖ አያመልጥም።