ደህና ነኝ ብለው መድኃኒቱን አያቋርጡ

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው ሁሉ በእርስዋ ያልፋል፤ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድም የሚገነጠለው ከዚያው ነው። ሩዝ በሚታጨድበት ወቅት ደግሞ የቀን ሠራተኞች ወደ ፎገራ ሜዳ ይመጣሉ። ሰው በሚመላለስበት ስፍራ ኤች አይ ቪም አብሮ ይጓዛል።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ዛሬ በትክክል የሚወስዱት ወገኖቻችን ትዳር ይዘው፣ ልጅ ወልደው ይኖራሉ። ሆኖም «ተጸልዮልኛል፣ ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጥ አለ። ይህ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ለመረዳት የቫይረሱን አካሄድ እንወቅ።

በጎተራ ያለ ዘር መሬት ካላገኘ አይበቅልም። ቫይረስም ሕያው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ አይባዛም። ኤች አይ ቪ በተለይ የሚፈልገው ሲዲ ፎር የተባለውን፣ የሰውነታችንን መከላከያ የሚያስተባብረውን ነጭ የደም ሕዋስ ነው። በላዩ ባለው ፕሮቲን ሕዋሱን ይይዝና ሽፋኑን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር አዋህዶ ይገባል። በአር ኤን ኤ የተጻፈውን መመሪያውን ወደ ዲ ኤን ኤ ገልብጦ ከእኛው ዲ ኤን ኤ ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ በኋላ ሕዋሱ የቫይረስ መሥሪያ ይሆናል፤ አዲሶቹ ቫይረሶችም ወጥተው ሌሎች ሕዋሳትን ይይዛሉ።

መድኃኒቶቹ ይህን መንገድ በየደረጃው ይዘጋሉ። ለምሳሌ ዶሉቴግራቪር ቫይረሱ ከዲ ኤን ኤያችን ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። አስቀድሞ የተጣበቀውን ግን አይነቅልም። የፎገራ ገበሬ ይህን ያውቃል፤ ማሳው ታርሞ ንጹሕ ቢመስልም የአረሙ ዘር በአፈር ውስጥ ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። በሕዋሳት ውስጥ ያደፈጠው ቫይረስም መድኃኒቱ ሲቋረጥ፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ፣ እንደገና መባዛት ይጀምራል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ አንዳችሁ ቫይረሱ ቢኖርባችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መድኃኒቱን በየዕለቱ ወስዶ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የጸና ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ነፍሰ ጡር እናትም መድኃኒቱን በመውሰድዋ ቫይረሱ ወደ ልጅዋ የመተላለፉን ዕድል እጅግ ትቀንሳለች። እንግዲህ አንዱ የሚውጠው ኪኒን የመላው ቤት ጥበቃ ነው።

ስለ ታመመው ወንድማችን እንጸልይ። ከጸለይን በኋላም «ወንድሜ፣ የዛሬውን መድኃኒትህን ወስደሃል?» ብለን መጠየቅን አንርሳ።